ያልጾመው አይጥ

ሱጋን ስትራመድ እግሯን አታነሳም፤ ትጎትታለች። መቅደሱ ውስጥ ሁላችንም እንደዚያው ነን፤ እግሩን ያነሳ ሰው ሲያሳርፈው ከሥሩ ማን እንዳለ አያውቅምና። እሷ ግን ገበያም ስትሄድ፣ ውሃም ስትቀዳ ያው ናት። መምጣቷን ለማወቅ ዞር ብሎ ማየት አያስፈልግም፤ አሸዋው ላይ ሽው ሽው የሚለው ጫማዋ ይናገርባታል።

እኔ ኬሳር የባሏ ታላቅ ወንድም ሚስት ነኝ። «እትዬ» ትለኛለች፣ ትፈራኛለችም፤ እንድትፈራኝ ብዬ ያልሆንኩት የለም። አሁን ግን አንድ ነገር ልናዘዝ። እዚህ ሞርኪያስር መንደር ሃያ ሁለት ዓመት ስኖር አይጥ እፈራለሁ። የተወለድኩት ሰው በግመሉ በሚኮራበት መንደር ነው፤ አይጥ ሲያይ መጥረጊያ የሚያነሳ ቤት ውስጥ ነው ያደግሁት። የጠሉት ይወርሳል፣ የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ የተዳርኩት አይጥ ዘመዱ ለሆነ ጎሳ ሆነ።

በባሌ ጎሳ ሰው ሲሞት ሩቅ አይሄድም። እናታችን፣ መቅደሱ የቆመላት አምላካችን፣ አይጥ አድርጋ ግቢዋ ውስጥ ታኖረዋለች። አይጡ ሲሞት ደግሞ ከጎሳው ሴቶች በአንዷ ማህፀን ገብቶ እንደገና ሰው ሆኖ ይወለዳል። ስለዚህ «አይጦቹ» አንልም፤ «ልጆቹ» ነው የምንለው። ሳያይ ረግጦ እንኳ አንዱን የገደለ ሰው በምትኩ ከብር የተሠራ አይጥ ለመቅደሱ ያገባል። ማንም በእጁ አይነካቸውም፣ ማንም ከግቢው አያወጣቸውም። ወተቱንና ላዱውን፣ ያን በቅቤና በስኳር የሚድቦለቦል ጣፋጭ፣ እናቀርባለን፤ ጭልፊት እንዳይነጥቃቸው ግቢውን በመረብ እንሸፍናለን፤ በቃ። አገልግሎቱ በየቤተሰቡ ተራ ነው፤ ተራው የደረሰው ቤት ወሩን ሙሉ እዚያው መቅደሱ ውስጥ ይኖራል።

ሱጋን ጁግታ የሚባል የአምስት ዓመት ልጅ ነበራት። ቀኝ ጆሮው ስንጥቅ ነበር፤ ጉትቻውን የግራር እሾህ ይዞት ነው የተሰነጠቀው። ትኩሳት በሦስት ቀን ወሰደው። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ሱጋን ወተት ልታቀርብ ብትገባ አንድ ጨቅላ አይጥ ቀሚሷ ላይ ወጥቶ ጭኗ ላይ ተኛ፤ ቀኝ ጆሮው ስንጥቅ። አማታችን እማማ ጋቭራ እልል አለች። ሁላችንም አለቀስን። እኔም አለቀስኩ፤ ግማሹ ለልጁ ነበር፣ ግማሹ ግን «ነገ እኔም ጭን ላይ ቢወጣብኝስ» ብዬ ነው።

ከዚያ በኋላ እንግዳ ሁሉ ላዱውን መጀመሪያ የሚያጎርሰው ለጁግታ ሆነ። እናቱ በእጇ ወተት ትሰጠዋለች፣ አያቱ ስኳር። ወፈረ፤ ሲሄድ ሆዱ መሬት ይነካል። በሁለተኛው ዓመት ተራችን ሲደርስ ገብተን ብናየው ያ ሁሉ ሆድ የለም። ጸጉሩ ቆሟል፣ ጀርባው ጎብጧል። ላዱ ሲቀርብለት ይመጣል፣ ያሸታል፣ ትቶት ይሄዳል።

የመቅደሱ አገልጋይ አባባ ሳዋይዳን አይቶት አንገቱን ነቀነቀ። «ጾም ይዟል» አለ። «ከልጆቹ አንዱ መሄጃው ሲደርስ እንዲህ ነው የሚያደርገው። ሥጋውን እየተወ ነው።»

እማማ ጋቭራ በደስታ የምትሆነውን አጣች፤ ምክንያቱም ሱጋን ያኔ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። «አየሽ አንቺ ልጅ! ወዳንቺው ሊመለስ ነው እኮ! ጁግታዬ በራሱ እናት ማህፀን! እንዲህ ያለ ዕድል ለማን ተሰጠ?»

ሱጋን አልሳቀችም፣ ሆዷን ያዘች። በማግስቱ ከሰዓት ፀሐዩ እንደ ምጣድ ሲግልና እንግዳ ሲጠፋ ጎተተችኝ።

«እትዬ፣ ነይ አንድ ነገር እዪልኝ።»

«አይጥ ከሆነ ከዚህ ሆኜ አየዋለሁ።»

«እባክሽን።»

ወተት በሳህን አስቀመጠች። ጁግታ ከጥግ ሮጦ መጣ፣ አፉን ነከረ፣ ወተቱ በአገጩ ላይ ወረደ። እንደገና ነከረ፤ እንደገና ወረደ። በእግሮቹ አፉን ይጠርጋል፣ ይቧጥጣል፣ ይመለሳል።

«የሚጾም ሰው ምግብ ላይ ይሮጣል እንዴ?» አለችኝ። «ልጄ አልጾመም፣ እትዬ። መብላት አቅቶት ነው።»

ያኔ ቀና ሲል አየሁት። የታችኞቹ ሁለት ጥርሶቹ እንደ ማጭድ ተጣመው ወደ ላንቃው ገብተዋል። እውነቱን ለመናገር የፈራሁት ጥርሱን ብቻ አልነበረም፤ የሱጋንን ፊት ነው። ልታደርግ ያሰበችው ነገር ገና ሳትናገረው ፊቷ ላይ ተጽፎ ነበር።

ፍየሎቻችንን የሚከትበው ሐኪም በዚያው ሳምንት መጣ። ሱጋን በሻሿ ፊቷን ሸፍና አጠገቡ ተቀመጠች።

«ዶክተር፣ አንዲት የማውቃት ሴት... አይጥ አላት።»

«እዚህ አገር አይጥ የሌለው ማን አለ?» ብሎ ሳቀ። ጥርሱን ስትነግረው ግን መሳቁን ተወ። «የአይጥ ጥርስ ዕድሜ ልኩን ያድጋል። ጠንካራ ነገር ካልጋጠ ማን ይሞርድለታል? እናንተ ላዱና ወተት ብቻ ነው የምትሰጧቸው። ከፍቅር ብዛት ትገድሏቸዋላችሁ እኮ!»

«አሁን ምን ይደረግ?»

«ይቆረጣል። ስለታም፣ ትንሽ መቁረጫ። ከድዱ ራቅ ተብሎ፣ ጫፍ ጫፉን ብቻ፤ በድፍኑ ከተገነጠለ ጥርሱ እስከ ሥሩ ይሰነጠቃል። በጨርቅ ጠቅልለው ይይዙታል፤ ደረቱን ግን መጫን የለም፣ መተንፈስ ያቅተዋል። ካልተቆረጠለት በሳምንት ውስጥ በረሃብ ይሞታል። ብታመጪው እኔው...» ብሎ ጀመረና የት እንዳለ ትዝ ሲለው ራሱ ተወው። ከግቢው እንደማይወጣ፣ የማንም እጅ እንደማይነካው እሱም ያውቃል።

ያን ዕለት እማማ ጋቭራ ወሬው ደረሳት። ፍየል ቤት ውስጥ የተወራ ከእሷ ጆሮ አያመልጥም። ሱጋንን ከፊቷ አስቆመቻት።

«ስሚኝ። እሱ መንገዱን ጀምሯል። አሁን ይዘሽ ብታስቀሪው፣ ይሄ ሆድሽ ውስጥ ያለው ማን ይገባበታል? ባዶ ልጅ ትወልጃለሽ! ትንፋሽ የሌለው! እጅሽ ላይ ቢሞት ደግሞ ልጅሽን ሁለቴ ገደልሽ ማለት ነው።»

እማማ ክፉ ሴት አይደለችም። የልጅ ልጇን ነው የምትፈልገው። ግን ያን ቀን ብቻ ምላሷን በጉጠት ብይዘው በወደድኩ።

ሱጋን ሌሊቱን ሙሉ ስትገላበጥ አደረች። ጠዋት ዓይኗ አብጦ «እትዬ፣ በጣም ፈርቻለሁ» አለችኝ። «ብተወው በረሃብ እየሞተ አየዋለሁ። ብይዘው ይሄኛውን ነፍስ አሳጣዋለሁ። አንዱን ለማትረፍ አንዱን...» አልጨረሰችውም።

«እንግዲያው ምን ይሻልሻል?»

«የሚርበው እሱ ነው። ይሄኛው ገና አልራበውም።»

መቁረጫ ፍለጋ የሄድነው አንጥረኛው ሙልጂ ዘንድ ነው። ቀጭን ሽቦ የሚቆርጥ ስለታም ነገር ያለው እሱ ብቻ ነው። እሱው ነው ደግሞ አይጥ ለረገጡ ሰዎች የብር አይጥ የሚሠራው። ለምን እንደፈለግነው አልነገርነውም፤ ግን ሙልጂ አይጥ በሞላበት መንደር የሚኖር ሽማግሌ ነው፤ ሳይነገረው ገባው። መቁረጫውን ለሱጋን ሰጣትና ወደ እኔ ዞር ብሎ «የብር አይጧንም ከአሁኑ ልጀምርላችሁ?» አለ።

«አፍህን ዝጋ» አልኩት። እሱ ይስቃል።

እኩለ ቀን ላይ ገባን። አባባ ሳዋይዳን ከጥላው ሥር ያንኮራፋል። እማማ ቤት ሄዳለች። በሩ ተዘግቷል። ሱጋን ወተት አስቀመጠች፤ ጁግታ መጣ። ልትይዘው ጎንበስ ብትል ሆዷ ከለከላት። ቀና ብላ አየችኝ።

«አንቺ ነሽ የምትይዢው።»

«እኔ?!»

«እኔ እቆርጣለሁ። ሁለቱን መሥራት አልችልም።»

ቆሌዬ ተገፈፈ። ሃያ ሁለት ዓመት እግሬን እየጎተትኩ፣ ቀሚሴን እየሰበሰብኩ፣ ማንም ሳያውቅብኝ የኖርኩት ሴትዮ! እምቢ ልል አፌን ከፈትኩ። ከዚያ የእሷ እጅ ላይ ዓይኔ አረፈ፤ መቁረጫውን የያዘው እጅ እንደ ቄጤማ ይንቀጠቀጣል። ከእኔ የባሰች ፈሪ እዚያ ቆማ ነበር። ለመጠቅለያ ያመጣነውን ፎጣ ወረወርኩበት።

በፎጣው ውስጥ ይሞቃል። ልቡ ደግሞ! የእኔ ልብ ሲመታ እሱ አሥሬ ይመታል። እስከዚያች ሰዓት ድረስ እኔ ነኝ የምፈራው ብዬ ነበር የማስበው። «ደረቱን አትጫኚው» ትለኛለች፤ «አልጫንኩም፣ ቁረጪው!» እላለሁ። ከንፈሩን በጣቷ ገለጠች። ቀጭ። ትንሽ ቁራጭ ድንጋዩ ላይ ወደቀ። ጠበቀች። ቀጭ። እናታችንን እየጠራች ታለቅሳለች፤ እንባዋ እጄ ላይ ይንጠባጠባል። ሦስተኛውን፣ አራተኛውን ቁራጭ ቆረጠች፤ ለመጨረሻው መቁረጫውን ስታስጠጋ ጁግታ ዝም አለ።

መንፈራገጡን ተወ። ፎጣው ውስጥ ምንም አይንቀሳቀስም። ሱጋን ቀና ብላ አየችኝ፤ ከንፈሯ አመድ መስሏል። «ሞተ?» አለች። የብር አይጡ፣ እማማ፣ «ሁለቴ ገደልሽ» የሚለው ቃል፣ ሁሉም አንድ ላይ ጭንቅላቴ ውስጥ ገባ። ፎጣውን ቀስ ብዬ ገለጥኩ፤ ጭንቅላቱ ወጣ፤ አየኝ። ከዚያም አውራ ጣቴን እስከ አጥንቱ ነከሰኝ።

«ነከሰኝ!» ብዬ ጮህኩ።

«ነከሰሽ?» አለች ሱጋን። «በጥርሱ?»

«በምኑ ይነክሰኛል ታዲያ!»

እዚያው መሬት ላይ ተቀምጣ እያለቀሰች ሳቀች። በሁለት ዓመት ውስጥ የጋጠው የመጀመሪያ ጠንካራ ነገር የእኔ ጣት ነበር። ከእጄ አምልጦ ወተቱ ጋ ደረሰ፣ ጠጣም፣ አንዲት ጠብታ አልፈሰሰም። ደረቅ የባጅራ እህል ቂጣ ወረወረችለት፤ እያንኮሻኮሸ በላ።

ያን ጊዜ ያለቀ መስሎን ነበር። ዋናው ፍርሃት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እማማ ጁግታ ሲበላ አይታ፣ የእኔንም የተጠቀለለ ጣት አይታ፣ ምንም አልጠየቀችም። «መንገዱን ዘጋችሁበት» ብቻ ብላ ለሁለት ወር አላነጋገረችንም። ሱጋን ሌሊት እየተነሳች ሆዷን ትዳስሳለች፤ ሲንቀሳቀስ እንኳ አታምንም። «ሲንቀሳቀስ ነፍስ አለው ማለት ነው፣ እትዬ?» ትለኛለች። ምን አውቃለሁ? አዎን እላታለሁ። እኔም ግን እፈራ ነበር። በሐኪሙ አምናለሁ፤ በእማማም አምናለሁ፤ ችግሩ ይሄ ነው።

ምጡ ቀን ላይ መጣ። እማማም ገባች፤ ኩርፊያዋን በሩ ላይ ትታ። ሕፃኗ ወጣች፤ አላለቀሰችም። አዋላጇ ጀርባዋን አሸች፣ እግሯን ይዛ ቸብ አደረገቻት፤ ዝም። ሱጋን «ባዶ ናት?» አለች፤ በሹክሹክታ። እኔ እማማን አየሁ፤ እማማ እጆቿን አፏ ላይ ጭና ሕፃኗ ላይ አፍጥጣለች። ያን ጊዜ ነው ራሷ የተናገረችው ቃል ከማናችንም ይልቅ እሷን እንዳስፈራት ያየሁት። ከዚያ ሕፃኗ አነጠሰች። ቀጥላም ጣሪያውን የሚነቅል ጩኸት ለቀቀችው።

እማማ ተቀብላ ቀኝ ጆሮዋን አየች። ሙሉ ነበር። «ይቺ ማን ናት ታዲያ?» አለች።

«እሷ ራሷ ናታ» አለች ሱጋን። «ስጪኝ።»

ጁግታ ሌላ አንድ ክረምት ኖረ። ጠዋት ጠዋት የኬጅሪ እንጨት እየጋጠ ወደ እናቱ ይመጣ ነበር። አንድ ቀን አልመጣም። ሱጋን እያንዳንዷን ቀዳዳ በጉልበቷ እየሄደች ፈለገችው፤ ሬሳውንም አላገኘችም። በዚያ ዓመት ከጎሳው ሦስት ሴቶች ወለዱ። ሦስቱንም ልትጠይቅ ሄደች፤ የማናቸውንም ልጅ ጆሮ ሳታይ ተመለሰች።

አሁን ተራው የማንም ይሁን የማን፣ ሱጋን በየአሥራ አምስት ቀኑ መቅደስ ትገባለች። ላዱውን ለጠዋት ብቻ አድርጋዋለች፤ አባባ ሳዋይዳን መጀመሪያ አጉረመረመ፣ ቀጥሎ ለመደ። ደረቅ ቂጣ፣ እህል፣ እንጨት፣ ንጹህ ውሃ በየጥጉ አለ። ሙልጂ መቁረጫውን መልሱልኝ ብሎ አያውቅም። ባለፈው ሰሞን አንዲት ከቢካኔር ከተማ የመጣች እንግዳ ታሪኩን ሰምታ ኖሮ «ልጅሽ የትኛው ነው?» ብላ ጠየቀቻት።

«አላውቅም» አለች ሱጋን። «ስለማላውቅ ሁሉንም አያለሁ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «እትዬ፣ ይሄኛውን ያዢልኝ፤ ጥርሱ ረዝሟል።»

ዛሬም እፈራለሁ። ፎጣውን አንስቼ ያዝኩላት።