ሽንት ቤቱ እስኪሠራ

አክስቴ እትዬ አስካለ ትምህርት ቤት አላስገባችኝም። ዐሥር ዓመት ሲሞላኝ ከወሊሶ አስመጥታ፣ ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ዳር በነበረው የቀበሌ ቤቷ አስቀምጣ፣ በደብተር ፋንታ ባልዲ አስያዘችኝ። ፊደል የቆጠርኩት አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ከጎልማሶች ጋር ነው። መምህሯ ስለ ልጅነታችን እንድንጽፍ ስታዘን፣ በሕይወቴ መጀመሪያ የጻፍኩት ዓረፍተ ነገር ይኸው የዚህ ታሪክ መክፈቻ ነው። ለክፍሉ ጮክ ብላ አነበበችው፤ ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት አለቀሱ፤ ተጨበጨበልኝ። እኔም አንገቴን ደፍቼ ጭብጨባውን ተቀበልኩ።

ሥራዬ ቧንቧ ነው። ባለፈው የመስቀል ማግስት ከልደታ ኮንዶሚኒየም አንዲት ወጣት ደውላ ሽንት ቤቷ በደንብ አልወርድ እንዳላት ነገረችኝና ሄድኩ። እኔ እንደ ዘንድሮ ልጆች ገና ከበር መፍቻ አላወጣም። ውሃውን ለቅቄ ቆሜ አዳምጣለሁ። የተደፈነ ቱቦ እንደታነቀ ሰው ይንጎራጎራል፤ ውሃ ያነሰው ግን ሽው ብሎ ጀምሮ መሐል ላይ ዝም ይላል። የልጅቷ ዝም አለ። የሳጥኑን ክዳን ሳነሳ የቀዝቃዛ ውሃና የዝገት ሽታ ፊቴን መታኝ። ውሃው ላይ የምትንሳፈፈው ኳስ ሽቦዋ ወደ ታች ተቆልምሞ፣ ሳጥኑ ግማሽ እንኳ ሳይሞላ ውሃውን ዘግታዋለች። የተቆለመመው በእጅ ነው፤ መሣሪያ ቢነካው ኖሮ ጭረት ይታየኝ ነበር።

«ይሄን ማን ነካው?» አልኳት ኮስተር ብዬ።

«እኔ ነኝ። ውሃ እንዳይባክን ብዬ ዝቅ አደረግኩት። አበላሸሁት እንዴ ጋሼ?»

ይህን ስትል ትስቅ ነበር። እኔ ክዳኑን እንደያዝኩ ቀረሁ። ይህቺ ልጅ እንደ ቀልድ የተናገረችውን «እኔ ነኝ» የሚል ሁለት ቃል ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ አፌ ውስጥ ይዤ ዞሬያለሁ።

የአክስቴ ግቢ ድሮ የአንድ ሀብታም ቤት ነበር ይባላል፤ እኔ ስደርስ ግን አራት ላይ ተከፍሎ አራት ቤተሰብ ይኖርበት ነበር። ከሀብታሙ የተረፈው ጌጥ ጓሮ ያለው ባለ ውሃ ሽንት ቤት ብቻ ነው፤ መቀመጫው ነጭ ሸክላ፣ ጣራው ሥር የብረት ሳጥን የተሰቀለበት፣ ከሳጥኑ የሚወርደው ረጅም ሰንሰለት ጫፍ ላይ ከሰው እጅ ብዛት የለሰለሰች የእንጨት እጀታ ያለችው። ሰፈራችን ጌጃ ሰፈር በሙሉ በጉድጓድ ሲጠቀም እኛ ሰንሰለት እንስባለን እያሉ የግቢው ሰዎች ይጎርሩ ነበር። የሚጎርሩበት ሰንሰለት ግን ሥራ ካቆመ ቆይቷል፤ ሲስቡት አንድ ጣሳ የማይሞላ ውሃ ለቅቆ ዝም ይላል። ስለዚህ ሰው በወጣ ቁጥር ከግቢው ቧንቧ በባልዲ ቀድቶ የሚደፋ ያስፈልግ ነበር፤ እሱ እኔ ሆንኩ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ጋሽ መርጋ ገና ሳይወጣ ከውስጥ ሆኖ፣ «ጌታሁን! ዛሬ ከበድ ይላል፣ ሁለት ባልዲ!» ብሎ ሲጮህ ግቢው በሙሉ በሳቅ ይፈርስ ነበር። እኔም እስቅ ነበር፤ ቂሙን የያዝኩት ካደግኩ በኋላ ነው።

ትምህርቱን ሳነሳባት እትዬ አስካለ መልሷ አንድ ነው፦ «ሽንት ቤቱ ይሠራና ትገባለህ።» ይህን ስትል ታታልለኝ እንዳልነበረ ዛሬ መናገር አለብኝ። ጋሽ መርጋ በልኬ የሰፋው ሰማያዊ ዩኒፎርም አልጋዋ ሥር ካርቶን ውስጥ ተጣጥፎ ተቀምጦ ነበር፤ ቤት ስጠርግ ካርቶኑን እየከፈትኩ አሸትተው ነበር፣ የአዲስ ጨርቅ ሽታ።

አንድ ቀን የእውነት ባለሙያ መጣ። ቀጭን፣ ሲሠራ የሚያፏጭ ሽማግሌ ነው። ወንበር ላይ ወጥቶ ሳጥኑ ውስጥ አየና በሁለት ጣቱ ብቻ የኳሷን ሽቦ ወደ ላይ ቀና አደረገው። ከሥር ቆሜ ሳፈጥ አይቶኝ፣ «ይኸው ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም» አለኝ። ሳጥኑ እስኪሞላ ጠብቀን ሰንሰለቱ ሲሳብ የክረምት ጎርፍ የመሰለ ድምፅ ወጣ። የግቢው ሰው ሁሉ ተሰልፎ በየተራ እየሳበ ሲሳሳቅ ዋለ። በማግስቱ እትዬ አስካለ ዩኒፎርሙን አልብሳኝ፣ ፀጉሬን በውሃ አስተኝታ፣ እጄን ይዛ ትምህርት ቤት ወሰደችኝ።

አዎ፣ ወስዳኛለች። ይህን እስካለፈው መስቀል ድረስ ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር።

እዚያ ያሉት የስድስትና የሰባት ዓመት ሕፃናት ናቸው። ጉልበቴ ከዴስኩ ሥር አልገባ ብሎ ወደ ጎን ተጣምሜ ተቀመጥኩ። በመጀመሪያው ቀን፣ «አባባ መጡ!» ብለው ተቀበሉኝ፤ በሁለተኛው ቀን ስገባ ለቀልድ ብድግ አሉልኝ። በሦስተኛው ቀን መምህሩ ጠመኔ ሰጥቶ ሰሌዳ ፊት አቆመኝ። ከፊት የተቀመጠች፣ የፊት ጥርሷ ያልበቀለ ልጅ የፊደሉን ቅርጽ በጣቷ አየር ላይ እየሣለች ልታሳየኝ ሞከረች፤ ያየ ሁሉ ሳቀ። ከሳቁ ይልቅ የእሷ ማዘን ገደለኝ። እሑድ ጠዋት ሁሉም ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ሆዴን አመመኝ ብዬ ቀረሁ። በርሜል ገልብጬ ወጣሁ፣ እጄን ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩ፣ ሽቦውን ወደ ታች ቆለመምኩት። እትዬ አስካለ ስትመለስ በር ላይ ጠብቄ ሽንት ቤቱ እንደገና አልወርድ ማለቱን ነገርኳት።

ሽማግሌው አገር ለቅቋል ተባለ። ሌላ ሦስት ሰው አመጣች። አንዱ ቱቦውን በሽቦ ወጋ፤ አንዱ አየሩ ነው አለ፤ ሦስተኛው ግቢውን እንደ ድንች ማሳ ቆፍሮ ጥሎት ሄደ። ሳጥኑን ማንም አላየም። እትዬ አስካለ ዩኒፎርሙን አጥባ ካርቶኑ ውስጥ መለሰችውና፣ «ትንሽ ታገስ ልጄ» አለችኝ። እኔ ባልዲዬን ይዤ አፏጭ ነበር። ባልዲ አይስቅብኝም።

በዓመቱ እናቴ ከወሊሶ ልትጠይቀኝ መጣች። የላከችኝ ታናሽ እህቷን አምና ነበር። ግቢው በር ስትደርስ ባልዲ ተሸክሜ፣ ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ ርሶ አገኘችኝ። ዘንቢሏን መሬት ላይ ለቀቀችው። «ልጄን የሽንት ቤት ውሃ ደፊ አደረግሽው?» ብላ ጮኸች። አክስቴ ስለ ሦስቱ ቀን፣ ስለ ዩኒፎርሙ ልታስረዳ ስትሞክር እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «አንተ ንገረኝ። ከትምህርት ቤት ማን አስቀረህ?»

«እሷ» አልኩ።

እትዬ አስካለ አየችኝ። አልተቆጣችም፤ አንድ ነገር እስክጨምር የምትጠብቅ ትመስል ነበር። አልጨመርኩም። እናቴ በዚያው ዕለት ይዛኝ ሄደች። ወሊሶ ላይ ለፍታ ለፍታ እኔን የምታስተምርበት አቅም አጣች፤ እኔም ቀን ሥራ ገባሁ። አያቴ ስትሞት እህትማማቾቹ ሁለት ድንኳን ተክለው፣ አንዷ የሌላዋን ለቅሶ እየሰማች ተቀመጡ። እኔ በሁለቱ ድንኳን መሐል ወንበር ሳመላልስ ነበር።

የኮንዶሚኒየሟን ልጅ ሽቦ ቀና አደረግኩና መሣሪያዬን ሰብስቤ ወጣሁ። ግቢያችን ሲፈርስ አክስቴ እዚያው ልደታ፣ ሁለት ሕንጻ ዘለል ብሎ ቤት እንደደረሳት ካወቅኩ ዓመታት አልፈዋል፤ ስንት ጊዜ በመስኮቷ ሥር አቀርቅሬ አልፌያለሁ። ያን ቀን ግን ወጥቼ አንኳኳሁ። በከዘራ ተደግፋ ከፈተች።

«ጌታሁን ነኝ እትዬ። የወርቅነሽ ልጅ።»

«ወርቅነሽ ሞተች?»

«ኧረ ደህና ናት።»

«ተመስገን» አለችና ግድግዳውን ይዛ ቆመች። «ታዲያ ምን ልትሠራ መጣህ?»

በሩ ላይ እንደቆምኩ ሁሉንም ነገርኳት። «ሳጥኑ ውስጥ?» አለች። «ጋሽ መርጋ እኮ ያ ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ ወር ሙሉ አነከሰ! ግቢ አስቆፍሬ፣ ጎረቤት አድሞብኝ፣ እጅህን ከትተህ ያበላሸኸው አንተ?» ይቅርታ ልጠይቅ ጎንበስ ስል በከዘራዋ ደረቴን ገፋ አደረገችኝ። «እኔን ምን ትለምነኛለህ? እንዳልከለከልኩህ አውቀዋለሁ። የማታውቀው እናትህ ናት። ለሷ ንገራት፣ እኔም ተቀምጬ እየሰማሁ።»

ከዚያ በየእሑዱ እየደወለች፣ «መቼ ነው?» ትለኛለች፤ እኔ ሥራ በዛብኝ እላለሁ። ሥራ አልበዛብኝም፤ ፈርቼ ነበር። በስተመጨረሻ ራሷ መናኸሪያ ሄዳ ተቀምጣ ደወለችልኝ። አብረን ተሳፍረን ወሊሶ ደረስን። እናቴ እህቷን ደጃፏ ላይ ስታይ ከመቀመጫዋ አልተነሳችም፣ «ውጪ»ም አላለቻትም። እኔ የምለው እንዳይጠፋብኝ ጽፌው ነበርና ወረቀቱን አወጣሁ።

«ወረቀቱን እጠፈው» አለች እናቴ። «በአፍህ ነው ያልከው፣ በአፍህ መልሰው።»

መለስኩት። ባልዲ፣ በርሜል፣ ሽቦ፣ አንዱንም ሳላስቀር። ስጨርስ እናቴ እኔን አላየችኝም፤ አክስቴን ነው ያየቻት።

«አንቺስ ብትሆኚ» አለቻት፣ «ለሽንት ቤት ተብሎ ልጅ ከትምህርት ይቀራል?»

«አይቀርም» አለች እትዬ አስካለ። «እሱ ላይ እውነትሽን ነው። ጥፋቴ ነው።»

እናቴ ሰውነቷን ሰብስባ አግዳሚው ላይ ቦታ ለቀቀችላት። ስለ እኔ ሌላ አልተነጋገሩም። ስለ ጉልበት ሕመም፣ በሕይወት ስለሌሉ ጎረቤቶች፣ አንዷ ስለቀረችበት የሌላዋ ልጆች ሠርግ ሲያወሩ እኔ በር ላይ ተቀምጬ እቆጥር ነበር፦ የሰባት ልጅ ሠርግ፣ አንድ ድንኳን መሆን የነበረበት የአያቴ ለቅሶ፣ አብረው ሊያረጁበት ይችሉ የነበረ ሠላሳ ስድስት ዓመት። የእኔን ትምህርት ከዚህ ውስጥ አላስገባሁትም፤ እሱን የጣልኩት ራሴ ነኝ። እናቴ እኔን ያናገረችኝ በሳምንቱ ነው። እህቷን ግን እጇን ይዛ ወደ ውስጥ ያስገባቻት በዚያው ዕለት፣ ኅዳር ሃያ ሦስት ቀን ነው።