ልብስ ሰፊው ዝም ያለ ጊዜ

ሐኪም ቤቱ ውስጥ «እትዬ ምንድነው» ይሏታል። ጭንቅላታቸው ውስጥ ዕጢ የበቀለባቸውን ሕመምተኞች ከቀዶ ሕክምና በፊትም፣ በኋላም፣ አንዳንዴም እዚያው መሀሉ ላይ ሥዕል እያሳየች «ይኼ ምንድነው?» ብላ የምትፈትን እሷ ናትና። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ስትጠይቅ ኖራለች።

እንደ አንድ ልብስ ሰፊ ሕመምተኛዋ ያስቸገራት ግን የለም። ለቀዶ ሕክምናው ሁለት ቀን ሲቀረው ስትፈትነው አምስት ቃል አስይዛው አንዱንም ሳያዛንፍ መለሰላት። የዝሆን ሥዕል ስታሳየው ግን «አማቴ!» አለ። ሚስቱ በክርኗ ጎሸም አደረገችው።

«ነቅተው ቀዶ ሕክምና ሲደረግልዎት እንዲህ ከቀለዱብኝ ጉድ ይፈላል፣ ጋሼ። ሐኪሙ የቱን ቆርጦ የቱን እንደሚተው የሚያውቀው ከእርስዎ አፍ ነው።»

«ለአፌ ዘብ አቆምለታለሁ፣ እትዬ።»

ቀኑ ደረሰ። የራስ ቅሉ ተከፍቷል፤ እሱ ግን ነቅቷል። ከመጋረጃው ሥር ጎንበስ ብላ ሥዕል ታሳየዋለች፤ ሐኪሙ ከኋላ አንጎሉን ኤሌክትሪክ ባለው ቀጭን ዘንግ ይነካካል። ሲነካ ቃል የሚያስጠፋ ቦታ አይቆረጥም።

«ይኼ ምንድነው?»

«ወንበር።»

«ይኼስ?»

ዝም።

መቀስ ነበር። ሠላሳ ዓመት ከእጁ ያልተለየ መቀስ።

«እየቀለደ ነው?» አለ ሐኪሙ። «ብዙው ዕጢ ያለው እዚሁ ነው።»

 ቀልድ ሆኖ ብታስቆም ዕጢው በከንቱ ይቀራል፤ እውነት ሆኖ ብታልፍ አንደበቱ ይሄዳል። ጣቶቹን አየች፤ ሁለቱ ይከፈታሉ፣ ይገጥማሉ። ዓይኑ ውስጥ ሳቅ የለም።

«ይድገሙት፣ ዶክተር።»

ዘንጉ ሲነሳ «መቀስ!» አለ እየተነፈሰ። ሲመለስ ዝም። ሦስተኛውም ያው።

«አይንኩት» አለች።

ሐኪሙ ሌላውን አውጥቶ ያንን ተወው።

ሚስቱ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀቻት። «ዕጢው ተረፈ ማለት ምን ማለት ነው? እያየሽ ተውሽበት?»

«ያ ቦታ ቢቆረጥ ስምሽንም አይጠራም ነበር።»

ሴትዮዋ ፊቷን አዙራ ሄደች።

ከሦስት ወር በኋላ ለፈተና መጡ። ከአምስቱ ቃል ሦስቱን ያዘ። ቃል ፍለጋ ሲቆም ሚስቱ ልትሞላለት አፏን ትከፍታለች፤ መርማሪዋ በእጇ ትከለክላታለች። የደንበኞቹን ልክ አሁን የምትጽፍለት ሚስቱ ናት፤ ጨርቁን ግን ራሱ ይቆርጣል። የቀረውን ዕጢ በየስድስት ወሩ በምርመራ ይከታተሉታል።

ሊወጡ ሲሉ ሚስቱ ወደ ኋላ ቀረች። «እህቴ፣ ያን ቀን ክፉ ተናገርኩሽ።»

«እኔም ብሆን እናገር ነበር» አለችና ቀጠሮ ጻፈችላቸው።