ሽጉጥ የሚፈታባቸው እሑዶች

ባለቤቴ ሽጉጥ የታጠቀው የጽሕፈት ቤት ኃላፊ በሆነ ሰሞን ነው። ከዚያ በፊት ሁለታችንም ሆሳዕና ከተማ ውስጥ አስተማሪዎች ነበርን፤ እሱ የጂኦግራፊ፣ እኔ የባዮሎጂ። ሲሾም ወንበሩ ተቀየረ፣ አረማመዱ ተቀየረ፣ ወገቡም ላይ ያ ጥቁር ብረት ተንጠለጠለ። ፈቃድ አለው፣ ሕጋዊ ነው፤ በዚህ አልከሰውም። ግን ቢሮው ድረስ የሚመጣበት ጠላት ማመልከቻ የያዘ የሌሞ ወረዳ ገበሬ ነው። ማንን ሊተኩስበት እንደሆነ አንድ ቀን ብጠይቀው፣

«አንቺ አይገባሽም፤ ይሄ ኃላፊነት ነው» አለኝ።

ይህ ኃላፊነት እንግዲህ እሑድ እሑድ ከቸርች መልስ ይፈታል። ሳሎን ጠረጴዛው ላይ የኔን ዳንቴል ገፋ አድርጎ ፎጣ ያነጥፋል፤ ስልኩን ብርጭቆ አስደግፎ ቪዲዮ ይከፍታል። ቪዲዮው ላይ ያለው ሰውዬ የሚያወራው ሁለታችንም በማናውቀው ቋንቋ ነው፤ የያዘው ሽጉጥም የባለቤቴን ሽጉጥ አይመስልም። «ግድ የለም፣ አሠራራቸው አንድ ነው» ይላል። መፍታቱ ላይስ አይታማም። እኔም እንቁራሪት የሚገነጣጥል ተማሪ ብዙ አስተምሬአለሁ፤ መልሶ ገጥሞ ያዘለለ ግን አላየሁም።

መግጠም ሲጀምር ነው ጉዱ የሚመጣው። ሞላው ከጣቱ ያመልጥና ቡፌውን ገጭቶ ሶፋ ሥር ይገባል። ያኔ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ክራባቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ በሆዱ ይተኛል፤ በአንድ እጁ የስልኩን መብራት ይዞ በሌላው ምንጣፉን ይዳብሳል። ሰኞ ደግሞ ቢሮ ሲገባ ያ ሁሉ ሰው ከወንበሩ ይነሣለታል።

አንድ እሑድ ሁሉን ገጥሞ ላቡን ሲጠርግ፣ ፎጣው ላይ አንዲት ቀጭን ብረት ቀርታ አየሁ።

«ይቺስ?» አልኩት።

«መለዋወጫ ናት» አለኝ፣ ወደኔ ሳያይ።

ይህን ጊዜ ነው ከሾኔ ወንድሙን የጠራው። ወንድሙ ድሮ ወታደር ነበር። በምን ሥራ እንዳገለገለ ሲጠየቅ ወሬ ይቀይራል፤ በዚያ ሰሞን እኛ ዘንድ የነበሩት እናቱ፣ አማቴ፣ ግን ወጥ ቤት እንደነበረ ነግረውኛል። ወጥ መሥራት አያሳፍርም፤ እሱ ግን ያፍርበታል። ምሳውን በልቶ እጁን እንደታጠበ የተፈታውን ሽጉጥ አየና ሳቀ።

«ለዚህ ነው የጠራኸኝ? እኔ ይህንን ዓይኔን ታስሬ ነው የምገጥመው።»

«ተው እንጂ!» አለ ባለቤቴ፣ ደስ ብሎት።

«እስቲ ጨርቅ አምጪ፣ የወንድሜ ሚስት።»

ሰሃን የማደርቅበትን ጨርቅ ሰጠሁት። ዓይኑን አሰረና ጀመረ። እውነት ለመናገር አንድ ሞላ እንኳ አላመለጠውም፤ መለዋወጫ የተባለችውም ብረት ቦታዋን አገኘች። ባለቤቴ ልጅ ሆኖ አጨበጨበ። ወንድምዬውን እዚህ ላይ ቢበቃው ምን ነበረበት? አልበቃውም። ዓይኑ እንደታሰረ ጥይት የጎረሰውን ካዝና ከተተ፣ አቀባበለ፣ ካዝናውን መልሶ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«አሁን ባዶ ነው። ድምፁን ስሙት» አለና ወደ ግድግዳው አዙሮ ምላጩን ሳበው።

ጆሮዬ ተደፈነ። ከጣሪያው አቧራ ረገፈ። ወንድምዬው ጨርቁ ዓይኑ ላይ እንዳለ፣ ሽጉጡን እንደያዘ፣ አንገቱን ወዲያና ወዲህ እያዞረ፣

«ማነው የተኮሰው? ማነው?» ይላል።

ግድግዳችን ጭቃ ነው። ከግድግዳው ጀርባ ማድ ቤቱ አለ፤ ማድ ቤት ውስጥ ደግሞ አማቴ ጎመን እየከተፉ ነበር። እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። አማቴ ቢላዋቸውን እንደያዙ በር ላይ ቆመዋል፤ ቀሚሳቸው እስከ ጉልበታቸው ርሷል። ደም መስሎኝ ጮህኩ። ውሃ ነው። ጥይቷ አጠገባቸው የነበረውን ጄሪካን በስታ አልፋለች።

«ደኅና ነኝ ልጄ» አሉኝ በሐዲይኛ።

ጎረቤት ተሰበሰበ። ባለቤቴ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ «ትራንስፎርመር ነው የፈነዳው፣ ምንም የለም፣ ግቡ ወደየቤታችሁ» ይላል። ፊት ለፊታችን ሱቅ ያላቸው አዛውንት ግን አልሄዱም። ከሱቃቸው ቴሌቪዥን ኳስ ይጮሃል።

«መብራት እኮ አለ፣ አቶ ኃላፊ» አሉት። አፍንጫቸውን ነፋ ነፋ አደረጉና፣ «ደግሞ ትራንስፎርመር ባሩድ ይሸታል እንዴ?»

በሩን ዘጋው።

ጎረቤቱ ተበትኖ ወንድሙም ከሄደ በኋላ ባለቤቴን ጠየቅሁት። «ያቺ ጥይት ከየት መጣች?»

«ካዝናውን አውጥቶት ነበር እኮ! ሲያቀባብል አንዷ ሽጉጡ ውስጥ ቀርታ ነው። አንዲት ጥይት ናት፣ ምን ታካብጃለሽ?»

«እናትህም አንዲት ናቸው» አልኩት።

አማቴ በማግስቱ ጋሪ ተሳፍረው ሌሞ፣ ቤታቸው ገቡ። ያ ብረት ከቤቱ እስኪወጣ እንደማይመለሱ ነገሩን። ባለቤቴ ሁለት እሑድ አኮረፈ፤ ሽጉጡንም አልነካውም። በመጨረሻ ወስዶ ፈቃዱን ለሰጡት ሰዎች አስረከበ። በዚህ ጊዜ ትንሽ ላዝንለት ዳድቶኝ ነበር። አማቴ ሲመለሱ በር ድረስ ወጥቶ እግራቸውን አጥቦ ተቀበላቸውና፣ ሰው ሆነ ብዬ ነበር።

በቀጣዩ እሑድ ግን ቸርች ውስጥ ለምስክርነት ተነሣ። ማይኩን ይዞ፣ ድምፁን እያንቀጠቀጠ፣ ጠላት ዲያብሎስ ቤቱን ሊያፈርስ እንዴት እንደመጣ፣ እናቱን ሊነጥቀው እንዴት እንዳሴረ፣ እሱ ግን ቀድሞ በጸሎት ስለተጋ እንዴት እንደተረፉ ተናገረ። ሽጉጥ የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም። የወንድሙም ስም አልተነሣም። ጉባኤው ሃሌ ሉያ አለ። አንዳንዱ አለቀሰ። እኔ የእጄን ጥፍር ሳይ ቆየሁ።

ከቸርች ስንወጣ ሰው እየጨበጠ ያመሰግነዋል፤ እሱም ፊቱ አብርቶ ወደኛ መጣ።

«እማዬ፣ ምስክርነቴን ሰማሽው?»

«ሰማሁ» አሉት፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «ሰይጣን ስንት ኃጢአት አለበት ልጄ። ያልሠራውን ደግሞ ለምን ትጨምርበታለህ?»

ሳቅ አለና ሌላ ሰው ሊጨብጥ ሄደ። ወንድሙ ሾኔ ላይ፣ ዓይኑ ታስሮ ጄሪካን መትቶ እንደጣለ ያወራል አሉ።