ያልተነቀለው ምስማር

ሰውዬው የጋማ ከብት ጫማ እየመታ ነው ዕድሜውን የፈጀው። ጆሮው እየከዳው መሆኑን ከሚስቱ በቀር ማንም አያውቅም። እሷም ብትሆን ነግሯት አይደለም፤ ሦስት ጊዜ ጠርታው በአራተኛው «ኧረ አንተ ሰውዬ!» ብላ ካልጮኸች የማይዞር ባል ሲሆንባት ጊዜ ደረሰችበት። «ጆሮህን ለመዶሻው ሰጥተህ ጨረስከው፣ ለእኔ ምን ተረፈኝ?» እያለች ትስቅበታለች። እሱ ግን አይስቅም።

ሌላው ሰው ጆሮው ሲደክም «እ?» ብሎ ያስደግማል፣ ያልፋል። የእሱ ሥራ ግን ማስደገም የለበትም። ጫማ ሲመታ ምስማሩ ሰኮናው ውስጥ ወዴት እንደሚሄድ በዓይን አይታይም። ደረቁን የሰኮና ጠርዝ ይዞ ከሄደ ጥርት ያለ ድምፅ ያወጣል። ወደ ውስጥ፣ ወደ ሥጋው ካዘነበለ ግን ድምፁ ድፍን ይላል፤ ያኔ አንድ ምት ሳይጨምሩ መንቀል ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ባለጋሪዎች ሌላውን ሁሉ እያለፉ እሱ ዘንድ የሚሰለፉት ይህችን ድምፅ ስለማይስታት ነበር።

ማክሰኞ ጧት የእህቱ ባል ዳማ ባዝራውን እየጎተተ መጣ። አማቹ ባለጋሪ ነው፤ አሸዋና ጡብ ያመላልሳል። እሱ፣ ሚስቱና አራት ልጆቹ የሚኖሩት በዚህችው ባዝራ ጉልበት ነው። ወሬ ሲወድ ደግሞ አይጣል! ጫማ መቺው የኋላ እግሯን ጉልበቱ መሃል አስገብቶ ሰኮናውን ሲከረክም፣ በሞረድ ሲያስተካክል፣ ጫማውን ሲለካ፣ አማቹ ስለ ጎረቤቱ ክስ አንድ በአንድ ይተርክለታል። ጫማ መቺው ግማሹን እንኳ አልሰማም፤ «እህ፣ እህ» እያለ ይመታል። አምስተኛው ምስማር ላይ ባዝራዋ እግሯን መነጨቀች።

«ምን ሆነች?» አለ አማቹ።

«ዝንብ ነው» አለና ሁለቴ ጨመረበት። የወጣውን ጫፍ በጉጠት ቆርጦ፣ በሞረድ አለስልሶ ለቀቃት።

ሐሙስ ዕለት እያነከሰች ተመለሰች። ጫማ መቺው መዳፉን ሰኮናው ላይ ቢያሳርፍ እንደ ምጣድ ያቃጥላል። ወዲያው ገባው። መድኃኒቱም ጠፍቶት አይደለም፤ ምስማሩን ነቅሎ መግሉን ማፍሰስ፣ በሙቅ ውኃና በጨው መዘፍዘፍ፣ ማሳረፍ። በቃ። ጉጠቱም እጁ ላይ ነበር። ነገር ግን አግዳሚው ላይ ሦስት ባለጋሪዎች ተራቸውን ይጠብቃሉ። ምስማሩ ጠቁሮና ረጥቦ እፊታቸው ከወጣ፣ ከምሳ በፊት ከተማው በሙሉ ያወራዋል።

«ድንጋይ ረግጣ ነው። ሁለት ሦስት ቀን አሳርፋት።»

«ጫማውን አንስተን ብናየውስ፣ ጋሼ?»

«ኧረ ተወኝ! ደህና አድርጌ የመታሁትን ምን ብዬ ነው የምነቅለው?»

አማቹ አመነው። ለምን አያምነው? ስሙን ለማዳን የዋሸ ሰው ወዲያው አይጸጸትም፤ እሱም «ነገ ሰው በሌለበት ሄጄ እነቅለዋለሁ፣ ማንም አያውቅም» ብሎ ራሱን አጽናና።

አርብ ጉጠቱን ኮቱ ኪስ ከትቶ እውነትም ሄደ። በረቱ በር ላይ እህቱን አገኛት። የባዝራዋን ፊት በእርጥብ ጨርቅ ትጠርጋለች።

«ይኸው ወንድም ጋሼ መጣልሽ» አለቻት ባዝራዋን፣ «አይዞሽ፣ እሱ እያለ ምንም አትሆኚም።»

ጉጠቱን ከኪሱ አላወጣም። የባዝራዋን አንገት ዳበስ ዳበስ አድርጎ፣ «ትንሽ ትረፍ» ብሎ ወጣ። ቅዳሜ ሌላ ሰበብ አገኘ። እሑድ ባዝራዋ ተኛች፤ መነሣት እምቢ አላት። ሰኞ የመጣው የእንስሳት ሐኪም እስከ ጉልበቷ ያበጠውን እግር አይቶ፣ መግሉ አጥንቱን በልቶታል፣ ዘግይታችኋል አለ። ስቃዩ እንዳይረዝምባት እዚያው በመርፌ አሳረፋት። እህቱ እንደ ሰው አለቀሰችላት። ጫማ መቺው ወሬው ሲደርሰው ሥራውን አላቆመም፤ የተሠራውን እንደገና ሲሞርድ ዋለ።

ረቡዕ አማቹ በእግሩ መጣ። ልጓሙን እንኳ አልያዘም፤ እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው የጠፋው ይመስላል። አግዳሚው እንደ ልማዱ ሞልቷል። ጫማ መቺው ጎን ተጠግቶ ቆመ።

«ሰው ክፉ ነው፣ ጋሼ» አለው። «የእርስዎ ምስማር ነው የገደላት እያሉ ያወራሉ። ትናንት አንዱን አንገቱን ይዤው ነበር፤ ገላጋይ ባይኖር ኖሮ… የሚስቴን ወንድም ስም ዳግመኛ ብታነሣ አልኩት! ከሌላ ሰምተው ቅር እንዳይልዎ ብዬ ነው የመጣሁት።»

ጫማ መቺው መዶሻውን አስቀመጠ። ስድቡን ቢሰድበው ይሻለው ነበር፤ ለእሱ ብሎ ሰው መጣላቱን ግን አልቻለውም።

«እውነታቸውን ነው» አለ። «የእኔ ምስማር ነው። ጆሮዬ አይሰማም፤ ሥጋ መንካቱን አልሰማሁም። ሐሙስ ሰኮናዋን ስነካው ግን አውቄ ነበር። ሰው ፊት አፈርኩና ዋሸሁህ።»

አማቹ ፊቱ ደም አጣ። መሬት መሬት እያየ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ጫማ መቺው አልሰማውም። አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ እንዳይጠይቅ አፍሮ፣ እንዳይተወው ፈርቶ፣ «እ?» አለ።

«ያን ቀን ነግረኸኝ ቢሆን ኖሮ ትድን ነበር ወይ?» ብሎ ጮኸ አማቹ፣ መንገደኛው ሁሉ እስኪዞር ድረስ።

«ትድን ነበር» አለ ጫማ መቺው።