ኑሬ የዘረጋው ገመድ

ኑሬ አዳማ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሞተር ሳይክል ሲጠግን ምላሱን የፈራ እንጂ እጁን የጠረጠረ ሰው አልነበረም። ለሚያዋክበው ደንበኛ ስድብ አያልቅበትም፤ ሲብስበትም መፍቻ ይወረውራል። መሪው የተቀየረ ሞተር ደግሞ፣ ባለቤቱ ማንም ይሁን ማን፣ ተነስቶ መሪው ወደ ግራና ወደ ቀኝ እስከ ጥግ ሳይዞር ከበሩ አይወጣም። ሲዞር ድምፁ ከፍ ካለ የቤንዚን መስጫው ገመድ አጥሮ በመሪው እየተሳበ ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሞተር መታጠፊያ ላይ ጌታውን ይዞ ይበራል።

እሁድ ከሰዓት እዚያው በሩ ላይ በአፍጢሙ የደፉት በዚሁ ገመድ ሰበብ ነው።

መጀመሪያ ያረፈበት የማናሴ ቡጢ ነበር። ማናሴ የአጎቱን ልጅ ሰርግ ለማጀብ ብሎ አርብ ዕለት ረጅም መሪ ያስገጠመ ወጣት ነው። አሮጌው ገመድ ስለማይደርስ ኑሬ በረጅም ቀይሮ፣ ለመታጠፊያ የሚሆን ትርፍ ከፊት ትቶ፣ በሞተሩ አንገት በኩል አሳልፎለት ነበር። እሁድ ሙሽሮቹን እየመራ ወደ ግራ ሲታጠፍ ሞተሩ በራሱ ተተኮሰ። ማናሴ ክርኑ ተልጦ ተነሳ። ከኋላው የተፈናጠጠው ታናሽ ወንድሙ ወዬሳ ግን በጭንቅላቱ የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ወደቀ። ሆስፒታል ገብቷል፤ እስካሁን አልነቃም።

«ወንድሜን ገደልከው!» እያለ ማናሴ በሹል የሰርግ ጫማው ጎድኑን ይረግጠዋል። ዘመዶቹም ሱፋቸውን ሳያወልቁ ተረባረቡበት። አንዱ በወንበር እግር ግራ እጁን ሲለው፣ አጥንቱ ቀጭ ሲል ኑሬ ራሱ ሰማው። ግርግር ለሌባ ያመቻል ይባላል፤ ለፈሪ ግን ይብስ ያመቻል። ኑሬን በመልክ እንኳ የማያውቁ መንገደኞች ሳይቀሩ አንዳንድ እርግጫ አሳርፈውበት አለፉ።

«መሪውን አዙሩት!» ይላል ደም እየተፋ። «አስነሱትና አዙሩት!»

ጎረቤቱ ዘሃራ ከመለዋወጫ ሱቋ የበር መቀርቀሪያ ይዛ ወጣች። «ሃያ ዓመት በዚህ ጩኸት ጆሮዬን ያደነቆረ ሰው ነው! ሳያዞር ሰጥቶ አያውቅም! የነካውን አናቱን ነው የምለው!» አለችና ዘመዶቹ እየገፉ ያመጡትን ሞተር ራሷ ረግጣ አስነሳችው። ከዚያ መሪውን ወደ ግራ አዞረች።

ሞተሩ አጓራ።

«አያችሁ!» አለ ማናሴ፤ ዱላው እንደገና ወረደ። ኑሬ በዚህኛው ጊዜ ራሱን እንኳ አልከለለም። ልጁን እኔ ነኝ የገደልኩት ብሎ አመነ። ከጎድኑም ከእጁም ይልቅ ይኼ አመመው፤ ቢጨርሱኝም ይገባኛል አለ በልቡ።

ዱላው ጋብ ሲል መሬት ላይ እንደተንጋለለ ዓይኑ ወደ ሞተሩ ሄደ። ከፊት የተወው ትርፍ ገመድ የለም። በደረቱ እየተሳበ ሄዶ በደህና እጁ ጎማውን ተደግፎ ተነሳ፤ መሪው ላይ የታሰረውን የፕላስቲክ አበባና ነጭ ሪባን በጥርሱ ይዞ ገነጠለው። ከሪባኑ ሥር ተሰብስቦ፣ ከመሪው ጋር ጥብቅ ተደርጎ የተቋጠረው ትርፍ ገመድ ተፈቶ ዱብ አለ።

«አሁን አዙሪው።»

ዘሃራ ወደ ግራ አዞረች፤ ወደ ቀኝም አዞረች። ሞተሩ ያው እንደነበረው ቀስ እያለ ይንተከተካል እንጂ ድምፁን አልቀየረም።

«ይኼን ማነው የቋጠረው?» አለ ኑሬ።

የወንበሩን እግር የያዘው ሰው ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠው። ሁሉም ማናሴን ያያሉ።

«ገመዱ ወጣ ወጣ ብሎ አስጠላኝ» አለ ማናሴ። «የሰርጉ ቪዲዮ ላይ እንዳይታይ ብዬ… ከአበባው ሥር…» ሳይጨርስ ኑሬ እግር ሥር ተንበረከከ። «ይምቱኝ፣ ጋሽ ኑሬ።»

ኑሬ ጻድቅ አይደለም። መታው። በቀረችው አንድ እጁ፣ ያለ የሌለ ኃይሉን አሰባስቦ በጥፊ አጮለው፤ የማናሴ ከንፈር ተሰንጥቆ ነጭ ሸሚዙ ላይ ደም ወረደ።

ማናሴ ደሙን እንኳ ሳይጠርግ ፊቱን መልሶ አቀና።

«ይድገሙኝ» አለ። «ወዬሳ እስኪነቃ ይምቱኝ።»