የሞተሩ ጭራ

ባለቤቴ የሞተር ሳይክሉን የኋላ ክፍል ሊያስቆርጥ መሆኑን የነገረኝ ምሳ ላይ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ሁልጊዜ የሚነግረኝ ስጎርስ ጠብቆ ነው፤ ቶሎ መመለስ እንደማልችል ያውቃል።

«ቀለል እንዲል ነው» አለ። «የዕቃ መጫኛው ፖርቶመጋላ ይነሳል፣ መደገፊያው ይነሳል፣ ያ የኋላውን ጎማ የሚሸፍነው ትልቁ ፓራፋንጎ ያጥራል። ለአንድ ሰው የሚሆን አጭር ወንበር ይበቃዋል።»

የጎረስኩትን ዋጥኩ። «ለአንድ ሰው?» አልኩት።

«አሁን ምን ይጫንበታል ብለሽ ነው» አለና እጁን ሊታጠብ ተነሳ።

ምን ይጫንበታል። ይቺ ቃል ከምግቡ ጋር አብራ አልወረደችልኝም፤ ከሰዓቱን ሙሉ ልብስ ስሰፋ ደረቴ ላይ ተቀምጣ ዋለች።

ስለዚያ ሞተር ትንሽ ካልተናገርኩ ለምን እንደከፋኝ አይገባም። ስንጋባ ሰበታ አንዲት ክፍል ተከራይተን ነበር። እኔ ልብስ እሰፋለሁ፣ እሱ ክር፣ ቁልፍ፣ ዚፕና ገበር በሞተር እየዞረ ለልብስ ሰፊዎች ያከፋፍላል። ሰበታንና ቡራዩን ያዳርስና አንዳንዴ እስከ ሱሉልታ ይዘልቃል። ሴቶቹ ሰፊዎች ከእኔ ጋር ስለሚግባቡ ብዙ ጊዜ አብሬው እወጣ ነበር። ሞተሩ ያን ጊዜ እንደማንኛውም ሞተር ነው። የመጀመሪያ ልጃችንን ሳረግዝ ወገቤ አላስቀምጥ ሲለኝ ብየዳ ቤት ወሰደውና የኋላውን በብረት አስረዘመው። መደገፊያ አስበየደለት፤ ከመደገፊያው ጀርባ ደግሞ ፖርቶመጋላ ጨመረበት። ብረቱ ወፍራምና ቀጥ ያለ ነው፤ ውበት የሚባል ነገር አልነካውም። ሰፈሩ ውስጥ ስንገባ «አልጋው መጣ» ይሉን ነበር።

አቀማመጣችን ሁልጊዜ አንድ ነው። እሱ ከፊት፣ የክርና የገበሩ ጥቅል በመሃላችን፣ እኔ ከኋላ በጎን ተቀምጬ፣ በአንድ እጄ የፖርቶመጋላውን ብረት ይዤ። ጥቅሉ መሃል የሚገባው ዝናብ እንዳያገኘው ነው። ባይኖርም ግን የእሱን ወገብ አልይዝም ነበር። ባሏን በአስፋልት ላይ አቅፋ የምትሄድ ሴት ብሆን ኖሮ ዘመዶቼ ሌላ ወሬ አያስፈልጋቸውም ነበር። እሱም ቁልቁለት ላይ ብረቱን «ያዢ» ይለኛል እንጂ «ያዢኝ» ብሎኝ አያውቅም። የማወራው ሁሉ ጥቅሉን ተሻግሮ ነው የሚደርሰው፤ እሱም አንገቱን ጠምዘዝ አድርጎ ይመልሳል። የልጆቹን ትምህርት ቤት፣ ከሰበታ ወደ ቡራዩ መዛወራችንን፣ እናቱ ታመው እኛ ጋ እንዲመጡ፣ ይህን ሁሉ የወሰንነው እዚያ ሞተር ላይ ነው። ቤታችን ሰው አይጠፋውም ነበር። ሞተሩ ላይ ግን እኔና እሱ ብቻ ነን።

ኋላ ቡራዩ ላይ ሱቅ ከፈትን። ዕቃው በባጃጅ መመላለስ ሲጀምር ሞተሩ ከግቢው ጥግ ሸራ ለብሶ ቆመ። ልጆቹም አንድ በአንድ ወጡ፤ የመጨረሻዋ አግብታ ለገጣፎ ገባች። ሁለታችን ብቻ ስንቀር እንግዲህ ወሬው ይበዛል ብዬ ነበር። አልበዛም። እሱ ስልኩን ያያል፣ እኔ እሰፋለሁ፤ ከስፌት መኪናዬ ድምፅ ሌላ የሚሰማ የለም።

ስልኩ ላይ የሚያየው ደግሞ ሞተር ነው። ያረጀ ሞተር ገዝተው የኋላውን ሁሉ ነቅለው፣ ጎማውና ወንበሩ ብቻ እስኪቀር የሚያራቁቱ ሰዎች አሉ። «እይው እስቲ፣ ምንም የለውም እኮ» ይለኛል። ሰው ምንም በሌለው ነገር እንዲህ ሲደሰት አይቼ አላውቅም።

ብየዳ ቤቱ ቡራዩ ውስጥ፣ በአምቦ መንገድ ዳር ነው። ሱቅ ዘግቼ አብሬው ሄድኩ፤ ለምን እንደሄድኩ እኔም አላውቅም። በያጁ የመጀመሪያ ልጃችን እኩያ ነው። «አካም ጅርቱ፣ እናቴ» ብሎ በኦሮምኛ ደህንነቴን ጠየቀኝ።

«ፈያ»፣ ደህና ነኝ አልኩት፤ እውነት አልነበረም።

በያጁ ባለቤቴን ሞተሩ ላይ አስቀመጠው። «ጋሼ፣ ልክ እንደሚነዱ ሆነው ይቀመጡ። አይንቀሳቀሱ» አለውና ከጀርባው በጠመኔ መስመር አሰመረ። «እዚህ ጋ ነው የምንቆርጠው። ከዚያ ቱቦ አጥፌ እበይድበታለሁ፣ ትንሽ ክብ መብራት ከስሩ፣ ታርጋው ዝቅ ይላል። በቃ።»

ጠመኔ የእኔም መሣሪያ ነው። ከመስመሩ ወዲያ የሚቀረው ምን እንደሚባል አውቃለሁ፤ ቁራጭ ይባላል። ከመስመሩ ወዲያ የቀረው ደግሞ እኔ ዕድሜዬን የተቀመጥኩበት ቦታ ነው። «እኔስ?» ማለት ነበረብኝ። አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ግን እዚህ ዕድሜ ደርሼ፣ በሰው ፊት፣ በገዛ ባሌ ሞተር ላይ ቦታ ልለምን? ኩራቴ ያዘኝ። መቁረጫው ሲጮህ ፊቴን ወደ አስፋልቱ አዙሬ የሚያልፉትን ሚኒባሶች አየሁ።

እውነቱን ለመናገር ሲያልቅ ያምር ነበር። ይህም አናደደኝ። ያ ሁሉ ብረት ተነስቶ ሞተሩ ወጣት ሆኗል፤ ከኋላው ቱቦው ግማሽ ክብ ሠርቶ ያልቃል፣ ከዚያ በኋላ አየር ነው። ለገጣፎ ያለችው ልጃችን ፎቶውን አይታ ደወለች። «አባዬ አራዳ ሆኗል በቃ» ብላ ሳቀች። ቆየት ብላ ደግሞ «እማ፣ አንቺስ የት ልትቀመጪ ነው?» አለችኝ።

«ሚኒባስ ሞልቷል» አልኳት።

ይህ ሁሉ ሆኖ የወንበሩን ልብስ ስፊ የተባልኩት እኔ ነኝ። «ወላሂ እንዳንቺ የሚሰፋልኝ የለም» አለና ሌዘሩን ጭኔ ላይ አኖረው። ሰፋሁለት። የተማሪ ልብስ ስሰፋ ጫፉን ሰፋ አድርጌ ወደ ውስጥ አጥፋለሁ፤ ልጅ ያድጋል፣ እናቱ በዓመቱ ይዛው ስትመጣ ስፌቱ ተፈትቶ ይለቀቃል። ለሞተር ወንበር ይህ አያስፈልግም። ስፖንጅ አያድግም። በጠመኔ አስምሬ ልክ የሚቆረጥበት ጋ ስደርስ ግን እጄ እምቢ አለኝ። ከኋላ በኩል የቀረውን ሌዘር ሳልቆርጥ ደርቤ አጠፍኩትና ማንም በማያየው በስር በኩል ሰፋሁት። ልማድ ይሁን ሌላ ነገር አልመረመርኩትም።

አንድ እሑድ ጠዋት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ የድሮ ደንበኛውን ልጠይቅ ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን ሱሉልታ ሄደ። በኮረኮንቹ ዞሮ ነው የሚሄደው። በሩ ላይ ቆሜ ከኋላው አየሁት። ጀርባውን በሙሉ ሳየው ያ ቀን የመጀመሪያዬ ነው፤ ሌላ ጊዜ ሁሉ የማየው ማጅራቱን ነበር። ሸሚዙ ትከሻው ላይ ሰፍቶታል። መክሳቱን እኔ፣ ሰው ለክቼ የምኖር ሴት፣ እንዴት እንዳላየሁት ገረመኝ። ገብቼ አለቀስኩ፤ በእሱ ተናድጄ ይሁን አዝኜለት አልለየሁም።

ከዙህር ሶላት በኋላ ተመለሰ። ዝናብ አግኝቶታል። የፓራፋንጎው ማጠር ያመጣውን ግን ሲወርድ ነው ያየሁት፤ ጎማው የተፋው ጭቃ ከወገቡ እስከ አንገቱ ድረስ እንደ ሰፊ መቀነት ተለጥፏል። ኩርፊያዬን እስክረሳ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ጃኬቱን አውልቆ ደረጃው ላይ ተቀመጠና የተለጠፈውን ጭቃ በጥፍሩ መፋቅ ጀመረ።

«ሱሉልታ መግቢያ ላይ ሣር የጫነ ጋሪ አየሁ» አለ። «ሰውዬው ሣሩ ላይ ተጋድሞ ተኝቷል። ፈረሱ ራሱ መንገዱን ይዞ ይሄዳል።»

«እሺ?»

«ልነግርሽ ወደ ኋላዬ ዞርኩ።»

ከጎኑ ተቀመጥኩ።

«ቁልቁለቱ ጋ ስደርስም ያዢ አልኩ። ድሮ እንደምልሽ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ከዚያ በኋላ መንገዱ አልገፋ አለኝ፤ ሰውዬው ቤት ደርሼ እንኳ የረባ ወሬ አላወራሁም።» ቀና ብሎ አየኝ። «አትቁረጥ ብትዪኝ ምን ነበረበት?»

«አንተስ ብትጠይቀኝ?»

የጃኬቱን አንድ ጫፍ ወደ እኔ ገፋው። እንዲያ ተቀምጠን የጃኬቱን ጭቃ አብረን ፋቅን፤ ከልጆቹ መውጣት ወዲህ ተጎራብተን አንድ ሥራ የሠራነው ያን ቀን ይመስለኛል።

በማግስቱ ጠዋት ከሞተሩ ዙሪያ ሲንጎራደድ አገኘሁት። «ብረቱን በያጁ ትንሽ ያስረዝመዋል። የቸገረኝ ወንበሩ ነው» አለ። «ያን የሚመስል ሌዘር ከየት ይመጣል? ለፍተሽ የሰፋሽውንም ማበላሸት ነው።»

ወንበሩን ፍታና አምጣ አልኩት። ገልብጬ የኋላውን ስፌት በምላጭ ፈታሁት። የታጠፈው ሌዘር ወጣ። በእጄ ዳበስ ዳበስ አድርጌ ዘረጋሁለት፤ አንድ ሰው በጎን የሚቀመጥበት ያህል ነበር። ቆሞ አየው። ጎንበስ ብሎ እጥፋቱ የነበረበትን መስመር በጣቱ ነካው።

«መቼ ነው ይሄን የተውሽው?»

«ያኔውኑ።»

ኋላ፣ ሞተሩን ወደ ብየዳ ቤቱ ይዞ ሊወጣ ሲል፣ «መደገፊያውንና ፖርቶመጋላውንም ላስመልስ?» አለኝ።

«ተወው፤ ሲጀመርም አስቀያሚ ነው» አልኩት። ደነገጠ። ሞተሩ እንዳማረበት ያመንኩለት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

በሚቀጥለው እሑድ አብረን ወጣን። እንደ ድሮዬ በጎን ተቀምጬ፣ ነጠላዬን ጭኔ ስር ሸጎጥኩና ብረቱን ልይዝ እጄን ወደ ኋላ ላክሁ። የሚያዝ ነገር የለም። ጥቅልም በመሃላችን የለም። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ጉልበቴ ወገቡን ይነካል። የት ልያዝ ብዬ ስፈልግ፣ ሳይዞር፣ «ያዢ» አለኝ።

ወገቡን ያዝኩት። ያየሁት ጀርባ እውነትም ከስቷል፤ የጎን አጥንቶቹ ከእጄ ስር ይቆጠራሉ። በሱቃችን ፊት ስናልፍ የሚያውቁን ሁሉ በራቸው ላይ ነበሩ፤ አንዷ እጇን አፏ ላይ ስትጭን አየኋት። እጄን አላነሳሁም። ጆሮው አፌ ስር ነው፤ ጥቅል መሻገር፣ መጮህ ቀርቷል። ስንት ዓመት ያጠራቀምኩት ወሬ እያለኝ፣ እስከ ሱሉልታ ድረስ አንዲት ቃል አልተናገርኩም።