አምስት ሲቀነስ ሁለት

ትናንት ሴንት ጄምስ ታውን የሚባለው ሰፈር እህቴ ቤት ለመሄድ ሊፍት ውስጥ ገባሁ። በየፎቁ ሰው ሲወርድ ከንፈሬ ሳላስበው ይቆጥራል። አጠገቤ የቆመው ጎረምሳ ሰረቅ አድርጎ አየኝ። ይየኝ! ይህን ሊፍት አስተማሪ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ያኔ ልጅ እግር ነበርኩ፤ ካናዳ ከገባሁም ዓመት አልሞላኝም። የምኖረው ከታላቅ እህቴ ከእትዬ ዘውዴ ጋር ነው። በረዶው ቀልጦ መንገዱ ሁሉ ጭቃ በሆነበት ሰሞን፣ እትዬ ከልጇ ትምህርት ቤት ፊቷ ጠቁሮ ተመለሰች። ትንሿ ቤዛ መደመር እንጂ መቀነስ አልገባትም። በሚቀጥለው ሳምንት ተፈትና ካልቻለች፣ ከጓደኞቿ ተለይታ ሌላ ክፍል ልትገባ ነው።

«ልጅሽ ደደብ ናት ነው የሚሉኝ?» ብላ አለቀሰች።

አንጀቴ ተቃጠለ። «እትዬ፣ ለእኔ ተዪው!» ብዬ ፎከርኩ።

ወዲያው ቤዛን ምንጣፍ ላይ አስቀምጬ አምስት ፍሬ ዳቦ ቆሎ ሳህን ላይ ደረደርኩላት። ሁለቱን ቅርጥም አድርጋ በላች።

«ስንት ቀረ?»

«ፋይቭ!»

«እንዴት ሆኖ?»

«ማሚ ትጨምራለቻ!»

ልቆጣት አፌን ስከፍት፣ እትዬ እንባዋ ሳይደርቅ በአጠገባችን አለፈች፤ ሳህኑ ጎደል ማለቱን አይታ «ብዪ እንጂ የኔ እናት!» ብላ አንድ እፍኝ ጨመረችበት። በሳቅ ፈነዳሁ። ልጅቷ ምን ታድርግ! እኛ ቤት ሳህን ጎድሎ አይታ አታውቅ።

እንግዲህ ማንም የማይጨምርበት ቦታ መፈለግ ነበረብኝ። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስንመለስ አገኘሁት። በዚያ ሰዓት ሊፍቱ ከታች ሞልቶ ይነሳል፤ ወደ ላይ ሲሄድ ሰው ይወርዳል እንጂ አይጨመርም። የሕንጻውን ልጆች ሰብስቤ፣ እርጥብ ጫማና የጎረቤት ካሪ በሚሸተው ሊፍት ውስጥ አጨቅኋቸው። «ስድስት ነን» አልኩ። አራተኛው ፎቅ ላይ ሁለት ወንድማማቾች እየተሳሳቁ ወረዱ። በሩ ተዘጋ። ቤዛ ግራ ቀኝ አየች፤ እናቷ የምትመጣ ይመስል በሩንም አየች። የጨመረ የለም።

«ፎር» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ጮኸች፤ «አክስቴ፣ ፎር!»

ሳምንቱን ሙሉ ወጣን፣ ወረድን። የሕንጻው ጠባቂ «ሊፍት መጫወቻ አይደለም!» ብሎ ተቆጣን፤ እሱንም አስገብተን ቀነስነው።

የፈተናው ቀን እኔና እትዬ ኮሪደሩ ላይ ቆመን በተከፈተው በር እናያለን። አስተማሪዋ በጠየቀቻት ቁጥር ቤዛ ዓይኗን ጨፍና እንደ ሊፍቱ «ቲንግ!» ትልና ትመልሳለች። አንድም አልሳተችም። እትዬ በፈረንጅ ትምህርት ቤት ኮሪደር እልልታውን አቀለጠችው። እኔማ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ትናንት በሩን የከፈተችልኝ ያቺው ቤዛ ናት፤ ዛሬ በቁመት በልጣኛለች። ገና ሳልቀመጥ እትዬ አምስት ሳምቡሳ አቀረበችልኝ። ሁለቱን በልቼ «ጠገብኩ» ስል፣ «በሞቴ!» ብላ ሁለት ጣለችበት። ከዚህ ቤት መቀነስ ያልተማረችው እሷ ብቻ ናት፤ ማንም እንዳያስተምርብኝ።

ቤዛ ጠቀሰችኝ። «አክስቴ፣ አምስት ሲቀነስ ሁለት?»

«ፋይቭ!» አልኩ፣ አፌ ሙሉ እንደሆነ።